ቁምሳ በአርባ ምንጭ

«ቁምሳ» የልጆቻችን ቃል ነው። ቁርስንና ምሳን አጣብቀው የሠሩት ወጣቶች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ኪሱ የሳሳ ተማሪ ሁለቱን ማዕድ በአንድ ሒሳብ የሚዘጋበት ዘዴ ነበር። ዛሬ ግን ቅዳሜና እሑድ አርፍዶ የሚነሳ ቤተሰብ ተጣጥቦ፣ ልጆቹን አስከትሎ ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ስም ሆኗል። ትልልቆቹ የአዲስ አበባ ሆቴሎች «ብራንች» ብለው በቡፌ ያቀርቡታል፤ ፓንኬኩ በአንድ በኩል፣ ጥብሱ በሌላ በኩል ተደርድሮ። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ቡፌ ስለሌለበት ቁምሳ ነው። ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ስሟ በየትኛውም የጉዞ መጽሐፍ ላይ ሊሰፍር የማይችል አንዲት ምግብ ቤት ናት።

አርባ ምንጭ የሄደ ሰው ሳያስበው የቁምሳ ሰው ይሆናል። ምክንያቱ ሙቀቱና ሐይቁ ነው። ጫሞ ላይ በጀልባ ወጥቶ አዞ ማየት የሚፈልግ ሰው ማልዶ መነሳት አለበት፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ውሃውን ያናውጠዋል። ጀልባው ላይ ደግሞ በባዶ ሆድ ይወጣል። ተመልሳችሁ መሬት ስትረግጡ አራት ሰዓት አልፏል፤ ቁርስ አምልጧል፤ ምሳ አልደረሰም፤ ልጆች ተቆጥተዋል። በዚያ ላይ ከሰባት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ማንንም ሰው ጥላ ፈልጎ እንዲተኛ ያስገድዳል። እንግዲህ ያለችው ክፍተት ከረፋዱ አምስት እስከ ሰባት ሰዓት ያለችው ናት።

እኛ የሄድነው ባለፈው ጥር ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አማቴ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። በመኪና ለሚሄድ እንደሚመርጠው መንገድ ከ430 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያረፍነው ላይኛው ከተማ ሴቻ ካሉት ሎጆች በአንዱ ነው። ለማያውቁት፣ አርባ ምንጭ ሁለት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ሴቻ ከአምባው ላይ ተቀምጣ ሐይቆቹን ትመለከታለች። ሲቀላ ታች ሆና ትነግዳለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ባጃጅና ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይመላለሱበታል።

የሴቻን እይታ ማንም ጎብኚ ያደንቀዋል፤ እኔም አላሳንሰውም። የበቀለ ሞላ ሆቴል በረንዳ ድሮም የታወቀው በዚሁ ነው። ወደ ምሥራቅ ፊታችሁን አዙራችሁ ስትቆሙ በግራ አባያ፣ በቀኝ ጫሞ ይዘረጋሉ። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ሸንተረር አለ። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ በ1966 ዓ.ም. የተከለለው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ይታያል፤ የሜዳ አህያ የሚኖርበት። አባያ ቀይ ቡናማ ነው። ጫሞ ሰማያዊ ነው። የስድስት ዓመቱ ልጄ ይህን ሲያይ «አንዱ ሻይ፣ አንዱ ውሃ» አለ፤ ከዚያ የተሻለ መግለጫ እስካሁን አላገኘሁም።

ታዲያ ለሦስት ቀን የሎጁን ቁርስ በላን። ጥሩ ነው። ዳቦው ዳቦ ነው፣ እንቁላሉ እንቁላል ነው፤ አዲስ አበባ ብንሆንም ያንኑ እንበላ ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ ዕለት፣ ባለቤቴ «ዛሬ ታች እንውረድ» አለ።

ሲቀላ የወረድንባትን ቤት ስም አልጠራም፤ ደብቄ ሳይሆን አስፈላጊ ስላልሆነ ነው። እንደሷ ያሉ በየመንገዱ አሉ። ከአስፋልቱ ገባ ያለ የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የፕላስቲክ ወንበርና የላስቲክ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች። በአንድ ጥግ ጥቁር ሮቶ ቆሟል፤ ከሥሩ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧና በገመድ የታሰረ ሳሙና አለ። ከግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ቅዳሜ ያለፈውን የእንግሊዝ ኳስ ይደግማል። ድመቶቹ ማን ዓሣ እንደሚያዝ ከአስተናጋጆቹ ቀድመው ያውቃሉ። ዕቃው ሁሉ ተራ ነው። ግን ከዛፉ ሥር ያለው አየር ከሎጁ በረንዳ ይልቅ ቀዝቃዛ ነበር፤ የትኛውም አርክቴክት ቢሆን ከማንጎ ዛፍ ጋር አይወዳደርም።

አሁን የጾሙን ጉዳይ ላስረዳ፤ ቁምሳው የተሠራው በእሱ ነውና። አማቴ ረቡዕና ዓርብን እስከ ስድስት ሰዓት ሳይበሉ ይውላሉ። ባለቤቴ ይጾማል ግን ጠዋት ይበላል። እኔ እንደ ሁኔታው ነኝ። የ12 ዓመቷ ልጄ ያን ዕለት «ከእማማ ጋር እስከ ስድስት እጠብቃለሁ» ብላ ተነሳች። ትንሹ ግን ሰባት ዓመት ስላልሞላው ማንም አይጠይቀውም፤ እሱም ይህን መብቱን አሳምሮ ያውቃል። አምስት ሰዓት ላይ ተቀመጥን። ለትንሹ እንቁላል ፍርፍር መጣ። ለባለቤቴና ለእኔ ፉል በዘይት፣ ከላዩ ቃሪያና ሽንኩርት የተከተፈበት። ልጄ ፉሉን እያየች ምራቋን ዋጠች፤ አያቷ በጎን አይተው «የልጅ ጾም እግዜር እስከ አምስት ተኩል ይቀበላል» አሏትና ችግሩ ተፈታ። እሳቸው ደግሞ ቡና ሳይቀር ትተው ሲጫወቱ ቆዩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የእሳቸው ምሳ መጣ። የአንዱ ቁርስ ሳይነሳ የሌላው ምሳ የሚቀርብበት ጠረጴዛ፤ ቁምሳ ማለት እኮ በትክክል ይኸው ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቤተሰብ አንድ ቦታ ተቀምጦ ማንም «ቶሎ በሉ» ያላለበትን ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ካሳለፍን ስንት ጊዜ ሆኖናል!

የእሳቸው ምሳ ዓሣ ነበር። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ እሱ ለንስሐ አባት የሚቀርብ ጥያቄ ነው። እውነቱ ግን በጾም ወራት የጫሞ ዓሣ ገበያ ይደራል፣ የዓሣ ዋጋም ይጨምራል። የሚጾም ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኮተሌት ስታዝዙ ሙላው በእንቁላል ተነክሮ የሚጠበስ መሆኑን አትርሱ። ጉላሹም አንዳንድ ቤት ቅቤ ይገባበታል። «የጾም ይሁንልን» ማለት በቂ ነው፤ እዚያ ያለ ምግብ አብሳይ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል።

የአርባ ምንጭን የዓሣ ዝርዝር ላስተዋውቃችሁ። ጥብሱ ሙሉ ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ የምንለው። ሁለት ጎኑ በቢላ እየተተለተለ ስለሚሰነጠቅ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሥጋው እንደ አበባ ይከፈታል፣ እሾኩም በቀላሉ ይለቃል። በእጅ ነው የሚበላው። ሹካ የሚጠይቅ እንግዳ ይሰጠዋል፤ ግን አስተናጋጁ ፈገግ ይላል። ጉላሹ ከነጭ ዓሣ ሙላ ተቆርጦ በሽንኩርትና በቲማቲም ይሠራና እየተንተከተከ በሸክላ ይቀርባል። ዱለቱ ደቅቆ ከቃሪያና ከቅመም ጋር የተጠበሰ ነው፤ ለልጆች እሾክ ስለሌለው ይህን እመክራለሁ። ሾርባው ከራስና ከአጥንት ይወጣል፤ ጉንፋን ለያዘው ሰው ሐኪም ነው። ከሁሉም ጎን ዳጣ ይመጣል። ዳጣ ማለት ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሌሎች ቅመማ ቅመሞች ጋር ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነው፤ የዶርዜን ዳጣ አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው አዋዜን እንደ ታናሽ ወንድም ያያል።

ነጭ ዓሣ፣ በብዙዎች አጠራር ናይል ፐርች፣ አዳኝ ዓሣ ነው፤ ሲያድግ የሰው ቁመት ያህላል። ጣና ውስጥ የለም፤ ሐዋሳና ዝዋይም አያውቁትም። አባያና ጫሞ ውስጥ እንዴት ተገኘ? በጥንት ዘመን ሐይቆቹ ሞልተው በጨው ባሕር በኩል ከቱርካና ጋር ይገናኙ ስለነበር ነው። የቱርካናው ውሃ ደግሞ በዚያ ዘመን ከአባይ ተፋሰስ ጋር ይገናኝ ነበር። ጉላሻችሁ ውስጥ ያለው ዓሣ እንግዲህ ከአባይ ዘመዶቹ የተለየ የጥንት ስደተኛ ነው። ቆሮሶው ደግሞ ለልጆች የሚነገር ሌላ ታሪክ አለው፤ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ትንሹ ልጄ ይህን ከሰማ በኋላ የአያቱን ጥብስ አፍ ከፍቶ ፈትሿል።

አማቴ የተወለዱት ጨንቻ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ሲወጡ ብርዱ ጋቢ የሚያስለብስበት ደጋ። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። እንደ ብዙ የጋሞ ሸማኔ ቤተሰቡን ይዘው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ገቡ፤ አማቴ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው በአማርኛ ሆነ። ባለቤቴ ጋሞኛ ሲነገር ይሰማል፣ መልስ ግን በአማርኛ ይሰጣል። ልጆቻችን ደግሞ አንድ ቃል አያውቁም። እኔም በዚህ ጉዳይ ቤታችን ውስጥ ብዙ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የምታስተናግደን ልጅ ዕድሜዋ ሃያ የሚሆን፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ናት። ሳህን ስታስቀምጥ አማቴ የለበሱትን ነጠላ ጥለት ተመለከተችና «እማማ፣ የዶርዜ ነው?» አለች። እሳቸው መልስ ከመስጠት ይልቅ «ሳሮ» አሏት፤ ሰላምታ ነው። ልጅቷም ትሪዋን እንደያዘች ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማናችንም አልተረዳንም። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች፤ የመንደር ስም ሲጠራ እንሰማለን፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይስቃሉ። ሌላ ጠረጴዛ ላይ የነበሩ አንድ አዛውንት ወንበራቸውን አዙረው ገቡበት። ፈጠን ያለ፣ ከፍ ያለ፣ በእጅ የታጀበ ንግግር። እኔ የማውቃቸው አማቴ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ልጄ በመጨረሻ «እማማ፣ ድምፅሽ ተቀየረ» አለቻቸው። «አልተቀየረም፤ ይኼኛው የፊተኛው ነው» አሏት።

ባለቤቴን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ የዓሣ እሾክ ይለቅማል፤ ከፊቱ ያለው ግን ፉል ነበር።

ከዚያ ነው ሀለኮ የመጣው። ሽፈራው የምንለው ዛፍ ነው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ዱቄቱ በሚያምር እሽግ «ሞሪንጋ» እየተባለ ከመድኃኒት ያልተናነሰ ዋጋ ይሸጣል። እዚህ ጎመን ነው። ቅጠሉ ከግንጫፉ ተሸልቅቆ ይቀቀላል፤ ከበቆሎ ዱቄት ድብልብል ጋር ሲሆን ኩርኩፋ ይባላል። የአስተናጋጇ እናት ለቤት ሠራተኛው ያበሰሉት እንጂ ሜኑ ላይ የለም፤ ለአማቴ ሲባል በትንሽ ሳህን መጣ። እሳቸውም እየቀመሱ ለልጆቹ ነገሩ። «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ የእኛ ቆጮና ገብስ ነው። ሀለኮ የምንበላው ቆላ ወርደን ዘመድ ቤት ስናድር ነበር።» ልጄ «ታዲያ ይጣፍጥሽ ነበር?» አለች። «አይ፣ ይመረኝ ነበር» አሉ እየጎረሱ።

ስለ ዓሣው መጠን ደግሞ ዝም ማለት አይቻልም። ሙሉ ጥብስ ስታዝዙ ጥሬውን በትሪ አምጥተው ያስመርጧችኋል፤ ጥሩ ልማድ ነው፣ ዓይኑ የጠራውን፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ምረጡ። ትሪው ላይ የቀረቡልን ግን አብዛኞቹ ከመዳፌ እምብዛም አይበልጡም። የቤቱ ባለቤት አጠገባችን ቆመው «ድሮ አንዱ ሁለት ሰው ያጠግብ ነበር፤ አሁን ለአንድ ሰው ሁለት እንጠብሳለን» አሉን። ይህ የምግብ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም። ጫሞ ላይ የሚያስግረው ሰው በዝቷል፤ የመረቡ ዓይን ጠቧል፤ ሳይወልድ የሚያዘው ዓሣ በርክቷል። በተለይ ነጭ ዓሣው እጅግ ተጎድቷል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወረቀቱ አለ። ሐይቁ ላይ የሚጠብቀው ሰው ነው የሚያንሰው፤ ሥራ አጥቶ መረብ የሚጥለውን ወጣት ደግሞ መረቡን ነጥቆ ብቻ ማሸነፍ አይቻልም።

«ታዲያ ትልቁ ሐይቅ አባያ አይደል፤ ለምን ከሱ አያሰግሩም?» አለች ልጄ። ጥያቄዋ ልክ ነው። አባያ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ከጣና ቀጥሎ የአገሪቱ ሁለተኛ ሐይቅ ነው። ጫሞ ግማሹን ያህል ቢሆን ነው። ዓሣው ግን በብዛት የሚመጣው ከትንሹ ነው። ምክንያቱ ያ ልጄ «ሻይ» ያለው ቀለም ነው። በዙሪያው ካሉት ደጋዎች ወንዞች የሚያወርዱት ብረት የበዛበት ደለል ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ንፋስ እያማሰለው አይዘቅጥም። ብርሃን ወደ ውስጥ ካልገባ ደግሞ የዓሣ መኖ የሚሆኑት ጥቃቅን አልጌዎች አያድጉም። ሲያልፍ የምናደንቀው ቀይ ውሃ የአንድ ገበሬ ማሳ ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ እምቦጭ አባያንም አግኝቶታል። ጣሊያናዊው ቦቴጎ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እዚህ ሲደርስ ሐይቁን በንግሥታቸው ስም «ማርጋሪታ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ስሙ ካርታ ላይ ቆይቶ ጠፋ፣ አባያ ግን አባያ ሆኖ ቀረ። ስም ማዳን ከውሃ ማዳን ይቀላል መሰለኝ።

ከምግቡ በኋላ ቡና ተፈላ። የተፈላበት ውሃ ከከተማዋ ስም የመጣ ነው፤ ከአምባው ግርጌ ጫካ ውስጥ የሚፈልቁት ምንጮች እስከ ዛሬ ከተማዋን ያጠጣሉ። «አርባ» ሲባል ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ለማለት ነው። ረከቦቱ ፊት ሣር ተጎዝጉዟል። ትንሹ አንዱን ዘንግ አንስቶ ሲያወናጭፍ አያቱ በቀስታ ከእጁ ወሰዱትና መልሰው አስቀመጡት። «በእኛ አገር እርጥብ ሣር አይወረወርም። ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ የተቆጣ ሁሉ ይቆማል።»

ይህን እኔም አውቀዋለሁ፤ ብዙዎቻችሁም ታስታውሱታላችሁ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ሞተው፣ ሌሎችም ከቤታቸው ተፈናቅለው ነበር። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ አባቶቻቸውን ረግጠው ማለፍ አልቻሉም፤ ተመለሱ። ፎቶግራፉን ያኔ በስልኬ አይቼው አልፌ ነበር። አማቴ ያን ሰሞን ሽሮ ሜዳ ቤታቸው ውስጥ ምን ሲያስቡ እንደ ነበር ግን ጠይቄ አላውቅም። ማንጎው ዛፍ ሥር ጠየቅኋቸው። የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆቹ ግን ሰሙ፤ ልጄም ሁለተኛው ቡና እስኪወርድ ድረስ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር። ለአምስት ሰው ዓሣ፣ ፉል፣ ፍርፍር፣ ቡናና ጭማቂ ከፍለን የወጣነው ሎጁ ለሁለት ሰው ምሳ ከሚያስከፍለው ባነሰ ዋጋ ነው። የማንጎና የአቮካዶውን ስፕሪስ ያለ ስኳር እዘዙ፤ የአርባ ምንጭ ማንጎ ስኳር መጨመር ስድብ ነው። ዓሣ ከመጠበሱ በፊት ጊዜ ስለሚፈልግ ሆዳችሁ ሳይጮኽ እዘዙ። ምሽት ላይ ወባ አለና ለልጆች ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። አዞ እርባታውን ለማየት ከምግቡ በፊት ሂዱ እንጂ በኋላ አትሂዱ፤ ሽታውን ሆዱ የሞላ ልጅ አይችለውም። ጨንቻና ዶርዜ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ቀን ስጡት፤ ከቀርከሃ የተሠሩት የዝሆን ፊት የመሰሉ ቤቶች በግማሽ ሰዓት የሚታዩ አይደሉም፣ የጨንቻም ፖም ከመንገድ ዳር ይገዛል።

እኛ በማግስቱ ጨንቻ ወጣን። አማቴ ከአስተናጋጇ የመንደር ሰዎች ስም ተቀብለው ነበር፤ ከመካከላቸው አንዷ የአባታቸውን ሸማኔ ቤት የምታስታውስ ሆና ተገኘች። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው፤ በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

በመኪና ለምትመለሱ፣ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድ በጫኖና በላንቴ የሙዝ እርሻዎች መካከል ያልፋል። አዲስ አበባ የጉሊት ነጋዴ «የአርባ ምንጭ ነው» ብላ የምትምልበት ሙዝ ከዚህ ነው የሚጫነው። ያልበሰለውን ግዙ፤ ቤት እስክትደርሱ ይበስላል። ዳጣ ከገዛችሁ ደግሞ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ፣ ከልብስ አርቃችሁ ጫኑት። የእኛ ዳጣ አሁን ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ልጄ ከላዩ ላይ በወረቀት «ሳሮ» ብላ ጽፋበታለች።